የባምባሲው ሜዳ ልክ

ዓርብ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ የስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ዕቃ ያዥ የወርቅውሃ ግምጃ ቤቱን ከፈተች። ቁልፉ እንደነበረ ነው፤ በሩም አልተነካም። ውስጥ ግን ከአዲስ አበባ የመጣው ረጅም የእንጨት ሣጥን ክዳኑ ተነሥቶ፣ የታሸገበት ገለባ ወለሉ ላይ ተበትኖ አገኘችው። ሁለቱ የውርወራ ጦሮች የሉም። አንድ ጊዜ ጮኸች። ከዚያ መጮህ ምንም እንደማይፈይድ ገባትና በሩን መልሳ ቆልፋ ፖሊስ ጣቢያ ሰው ላከች።

ከጣቢያው እስከ ስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ስምንት መቶ እርምጃ ነው። ኢንስፔክተር ቦዔዝ ነገሪ ይህን የሚያውቀው አንድ ቀን ቆጥሮት ነው። አሶሳ ውስጥ ያልቆጠረው መንገድ ጥቂት ነው። በስተኋላው ኮንስታብል አልአሚን ላቡን እየጠረገ ተከተለው።

ቦዔዝ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቤቱን አንድ ጊዜ ዞረው። የኋላው መስኮት መስታወት የለውም፤ የነበረው የሽቦ ወንፊት ከላይ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። ወንፊቱን ይዘውት የነበሩት ስምንት ምስማሮች የመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ራሳቸው በአንድ በኩል ሆኖ ተደርድረዋል።

«ወላሂ፣ ምስማር የሚደረድር ሌባ አላየሁም» አለ አልአሚን።

«ጻፈው» አለ ቦዔዝ።

ውስጥ የወርቅውሃ የዕቃ መግቢያ ደረሰኙን ይዛ ትጠብቃለች። ጸጉሯ የሸበተ፣ ድምጿ ደረቅ ያለ ሴት ናት።

«ምን ጠፋ?»

«ሁለት ጦር፣ የሴቶች። አንድ ባለ ሃምሳ ሜትር መለኪያ፣ ቢጫ፣ አዲስ። ሌላው ሁሉ አለ። አሎሎው አለ፣ ዲስኩ አለ።»

«ማልያውስ?»

«እሱ ነው የገረመኝ። ገበያ ወጥቶ ባንድ ሰዓት የሚሸጥ ማልያ ትቶ ጦር የሚወስድ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ቦዔዝ ሣጥኑን ጎንበስ ብሎ አየው። «ጦር ምን ያደርግለታል?»

የወርቅውሃ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ነገሩን ከሥሩ አስረዳችው። የመላ አፍሪካ ጨዋታዎች በጆሃንስበርግ ሊካሄዱ አራት ወር ቀርቷቸዋል። ሩጫው፣ ቦክሱ፣ ዋናው፣ ኳሱ፣ ውርወራው ሁሉ ባንድ ከተማ የሚደረግበት ውድድር ነው። ለብሔራዊ ቡድኑ ምርጫ ከየክልሉ ስፖርተኞች ይላካሉ፤ አዲሱ ክልል በራሱ ስም ሰው ሲልክ የመጀመሪያው ነው። በሴቶች ጦር ውርወራ የደረሰው ቦታ አንድ ብቻ። ለዚያ ቦታ የአሶሳዋ ነዕማና የባምባሲዋ ሜቲ ሰኞ ጠዋት በአዲሶቹ ጦሮች ሊወዳደሩ ቀጠሮ ተይዟል። ያሸነፈችው አርባ ሦስት ሜትር ከሞላላት ስሟ የዚያኑ ዕለት በስልክ ይተላለፋል።

«ውድድሩ ባይደረግስ?»

«ያለፈው ዓመት ውጤት ይታያላ። ያኔ አንደኛ የወጣችው ሜቲ ናት። ነዕማ ጦር የያዘችው ዘንድሮ ነው።»

«የድሮው ጦር የት አለ?»

«ተሰብሯል። አዲስ የጠየቅነው ለዚህ አይደል።»

«ሜትሩስ? ሌላ መለኪያ የላችሁም?»

የወርቅውሃ ፈገግ አለች። «አለን፣ ካሉት። ባለ ሠላሳ ነው፣ ግን ከሁለት ይጀምራል። መኪና ሄዶበት መጀመሪያው ተቆርጧል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዱ ጫፉን ይይዛል፣ ሌላው ወዲያ ማዶ ያነባል፣ ካነበበው ላይ ሁለት ይቀንሳል። እዚህ ቤት አዲስ ሰው ሲቀጠር መጀመሪያ የምናስተምረው ሁለት መቀነስ ነው። አሁን የአትሌቲክስ ባለሙያችን ጫኔ ጋ ነው፤ የባምባሲን ሜዳ ሊለካ ሄዷል።»

ጥበቃው ረጀብ የተባሉ ሽማግሌ ናቸው። ዓርብ ዓርብ ጽሕፈት ቤቱ ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ይዘጋል፤ እሳቸውም ጁምዓ ይሄዳሉ። ይህን የማያውቅ የአሶሳ ሰው የለም።

«ጋሽ ረጀብ፣ ሲመለሱ ምን አዩ?»

«ምንም። ቀርከሃ ነው ያየሁት። የሙዐዊያ ቀርከሃ፣ ኋላ ግድግዳው ላይ ቆሟል።»

«ሙዐዊያ ማነው?»

አልአሚን ፈጠን ብሎ መለሰ። «የነዕማ ወንድም።»

ይህ ቃል ከቦዔዝ ቀድሞ ጣቢያ ደረሰ። ተመልሶ ሲገባ አዛዡ ሙዐዊያን ከገበያ አስመጥተው አሥረውት ነበር።

ሙዐዊያ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ መዳፉ በቀርከሃ ስንጥር የተተለተለ ሰው ነው፤ በአማርኛው ሴትም ወንድም አንድ ናቸው። ቦዔዝ ወንበር ሰጥቶት ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

«ቀርከሃህን ለምን እዚያ አቆምክ?»

«ጥላ አለ። ጁምዓ ስሄድ ሁሌ እዚያ ነው። ረጀብን ጠይቅ።»

«ስንት እሥር ነበር?»

«ሁለት። ስመለስ አንድ ነው ያለው። ወላሂ ኢንስፔክተር፣ የተሰረቀው የኔ፣ የታሰርኩት እኔ!»

አልአሚን ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«እህትህ ለሰኞ ጦር ያስፈልጋታል» አለ ቦዔዝ።

«እህቴ ጦር አለው። እኔ ሠራሁለት፣ ከቀርከሃ፣ ጫፉ ላይ ብረት አለ። እሺ፣ እኔ አዲሱን ሰረቅሁ እንበል። እህቴ የት ይወረውራል? ባገር ፊት ነው የሚወረውረው። ‹ይሄ ጦር ከየት መጣ› ሲሉት ምን ይላል?»

ቦዔዝ ማስታወሻውን ዘጋ። ጥያቄው ልክ ነበር። ነዕማ ጦሩ ካልተገኘ ታጣለች እንጂ አታገኝም። ሌላም ነገር ነበር። የሴቶች ጦር ከሁለት ሜትር ይበልጣል፤ በገበያ ቀን በከተማው መሐል ይዞ ማለፍ አይቻልም። ቀርከሃ መሐል የታሰረ ጦርን ግን ማን ያየዋል? ሌባው እሥሩን የወሰደው ለዚህ ነው። ይህን ለአዛዡ ሲነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያ የአንተ ሐሳብ ነው። ሌላ ሰው እስክታመጣ ድረስ ይቆያል።»

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ፖሊሶች መናኸሪያውን አዳረሱት። ዓርብ ከአሶሳ የወጡት መኪኖች ሁሉ ጣራቸው ላይ ቀርከሃ ጭነው ነበር። የትኛው እሥር የማን እንደነበር የሚያስታውስ ረዳት አልተገኘም።

ነዕማን ከከተማው ዳር፣ ከማንጎዎቹ ጀርባ አገኟት። ሻርፗን ወገቧ ላይ አስራ ቀርከሃውን ይዛ ቆማለች። አላየቻቸውም። ሮጠች፣ እግሯን ተከለች፣ ክንዷ ከትከሻዋ በላይ አንዴ ብቻ አለፈ። ቀርከሃው እየተንቀጠቀጠ ሄዶ በጫፉ ተተከለ። ቦዔዝ እየቆጠረ ሄደ። ሃምሳ አንድ እርምጃ። የሱ እርምጃ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ነው። በአእምሮው አባዛው፤ አርባ ሜትር ከሰማንያ። በቀርከሃ።

«ወንድሜ መቼ ይፈታል?» አለችው፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ።

«ጦሮቹን የወሰደው ሰው ሲገኝ።»

«ገበያ ላይ ‹የሌባ እህት› አሉኝ። ሴትዮዋ በርበሬ አልሸጥልሽም አለኝ።» ቀርከሃውን ከመሬት ነቀለችው። «ሙዐዊያ እስር ቤት እያለ እኔ አልወረውርም። ጦሩ ቢገኝም አልወረውርም። ለአለቆቹ ንገራቸው።»

«ካልወረወርሽ ሜቲ ትሄዳለች።»

«አውቃለሁ» አለች። የቀርከሃውን ጫፍ ከአፈር ጠረገች።

ቦዔዝ ቃል መግባት አይወድም። ባርኔጣውን ነካ አድርጎላት ተመለሰ።

አትሌቲክሱን የያዘው ባለሙያ ጫኔ ከባምባሲ የተመለሰው የዚያኑ ቀን ጠዋት ነው። ጠረጴዛው ላይ እርሳሶቹ በቁመታቸው ተሰልፈዋል። የሐዘን ቤት የገባ ሰው መስሎ ተቀበላቸው።

«ሲነግሩኝ ደነገጥኩ፣ ኢንስፔክተር። ለሁለቱም ልጆች አሳዛኝ ነው።»

«ሜቲን የሚያሠለጥኗት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«ነዕማንስ?»

«እሷን... ወንድሟ ነው መሰለኝ።»

«ሜቲ ከተመረጠች አብረዋት ይሄዳሉ?»

ጫኔ ቀና አለ። «አሠልጣኝ ከስፖርተኛው ጋር ነው የሚሄደው። ደንብ ነው። ጥያቄዎ ገብቶኛል፤ እኔ ግን ዓርብ እዚህ አልነበርኩም። ባንድ ሰዓት መኪና ባምባሲ ሄድኩ፣ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ሜዳውን ለካሁ። ርእሰ መምህሩ ጠዋት አልነበሩም፣ ከሰዓት ጠብቄ አስፈረምኳቸው። እዚያው አደርኩ።»

ወረቀቱን ሰጠው። የትምህርት ቤቱ ማኅተምና የዓርብ ቀን አለበት። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ አራት ልኮች ተጽፈዋል። የሜዳው ርዝመት ዘጠና ስድስት ሜትር፣ ስፋቱ ስድሳ፣ የጦር መንደርደሪያው ሠላሳ አራት፣ የዝላዩ አሸዋ ሰባት።

«በምን ለኩት?»

«በዚህ ነዋ።» ጫኔ አሮጌውን ሜትር ከመሳቢያ አወጣው። ጫፉ ተቆርጧል፤ መጀመሪያ የሚታየው ቁጥር ሁለት ነው። «ሌላ ምን አለን?»

«ማን ጫፉን ያዘልዎት?»

«ባቢከር፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ። ይጠይቁት።»

ሲወጡ አልአሚን ትከሻውን ነቀነቀ። «ኸላስ፣ አበቃ። ማኅተም አለው፣ ምስክር አለው። ሰውየው ባምባሲ ነበር።»

«ወረቀቱ ባምባሲ እንደነበር ይናገራል» አለ ቦዔዝ። «በስንት ሰዓት እንደለካ አይናገርም። ነገ እንሄዳለን።»

«እሁድ? ወይዘሮ ቢሊሴ ምን ይሉሃል?»

ሚስቱ ቢሊሴ ያለችውን አለች፤ ለጸሎትም ብቻዋን ሄደች። ቦዔዝ ከትራፊክ ክፍሉ የአደጋ መለኪያ ሜትር ተውሶ፣ በጣቢያው ፒክአፕ ከአልአሚን ጋር ባምባሲ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ዓርብ ማታ የጣለው ዝናብ ሜዳውን አቅልቶታል።

ባቢከር ረጅም፣ ዓይኑን መሬት ላይ የሚተክል ሰው ነው።

«ዓርብ አቶ ጫኔ መጣ?»

«መጣ።»

«ስንት ሰዓት?»

«ጠዋት።»

«ጠዋት ስንት ሰዓት?»

«ጠዋት ነው። ጠዋት መጣ፣ ለካ።»

አልአሚን ወደ ቦዔዝ ዞረ፤ ፊቱ ‹አላልኩህም?› ይላል። ቦዔዝ ግን ሜትሩን አውጥቶ ጫፉን ሰጠው።

«ምን ልናደርግ ነው?»

«ሜዳውን ልንለካ።»

«ተለክቷል እኮ!»

«እሱ ለካ። እኛ አልለካንም። ሰውየው ቢሮ ቁጭ ብሎ ቁጥር ፈጥሮ ሊሆን ይችላል።»

የተዋሱት ሜትር ሃያ ሜትር ብቻ ስለሆነ ከጎል እስከ ጎል አምስት ጊዜ ዘረጉት። ልክ መቶ። ቦዔዝ አላመነም፤ ከሌላው ጫፍ ደግመው ለኩ። መቶ። ስፋቱ ስድሳ አራት። መንደርደሪያው ሠላሳ ስድስት። አሸዋው ዘጠኝ።

«አንዱም አልገጠመም» አለ አልአሚን። «አልለካም ማለት ነው። ቀጣፊ!»

ቦዔዝ የጎሉ ብረት ሥር ቁጢጥ ብሎ የጫኔን ልኮችና የራሳቸውን ጎን ለጎን ጻፋቸው። በየልኩ ያለውን ልዩነት ከጎኑ አሰፈረ። አልአሚን ሁለት ጊዜ ሊናገር አፉን ከፍቶ ተወው።

«ቁጥር የሚፈጥር ሰው እንደመጣለት ይፈጥራል» አለ በመጨረሻ። «አንዱን በሦስት፣ አንዱን በአሥር ይስታል። ይህኛው አሸዋውን በሁለት ሳተ፣ መንደርደሪያውን በሁለት። ርዝመቱን በአራት፣ ስፋቱን በአራት። ሰውየው ለክቷል፣ አልአሚን። በደንብ ለክቷል።»

«ታዲያ ለምን ተሳሳተ?»

«ሁለት ቀነሰ።»

«ሁለት መቀነስማ አለበት፣ ሜትሩ ከሁለት ነው—»

አልአሚን ቆመ።

«አዎ» አለ ቦዔዝ። «በአሮጌው ሲለካ ሁለት ከቀነሰ ልኩ ትክክል ይመጣል። የሚያበላሸው በሙሉ ሜትር ለክቶ ሁለት ከቀነሰ ነው። ስንት ጊዜ እንደዘረጋው ደግሞ ስሕተቱ ይነግረናል። በእያንዳንዱ መዘርጋት ሁለት ነው የጎደለው። ርዝመቱ ላይ አራት ጎደለ፤ ሁለቴ ነው የዘረጋው። መቶ ሜትር ሁለቴ ተዘርግቶ የሚሸፍን ሜትር ስንት ነው?»

«ሃምሳ» አለ አልአሚን፤ ቀስ ብሎ።

«አሮጌው ቢሆን አራቴ ይዘረጋ ነበር። ‹በአሮጌው ለካሁ› ያለን ደግሞ ራሱ ነው።»

ቦዔዝ ተነሥቶ ወደ ባቢከር ሄደ። አልተቆጣም፤ በለሰለሰ ድምፅ ነው የጠየቀው።

«ወንድሜ፣ ዓርብ ጫፉን ስትይዝ ሜትሩ ምን ዓይነት ቀለም ነበረው?»

«ቢጫ» አለ ባቢከር። የጠየቁት ሰዓቱን ሳይሆን ቀለሙን ስለሆነ ምንም አልከበደውም። «አዲስ ነው። ጫፉ ላይ ቀለበት አለው።»

«ሲለካስ ሰማዩ እንዴት ነበር?»

ዘበኛው ዓይኑን ከመሬት አነሣ።

«ጠቁሯል» አለ። «ዝናብ መጣ መጣ እያለ ነው። ‹ቶሎ ቶሎ› አለኝ። አሥር ሰዓት አልፏል። ኋላ ‹ሰው ከጠየቀ ጠዋት በል፣ አርፍጄ አለቃ ይቆጣኛል› አለኝ። እኔ ጫኔ ይቆጡታል ብዬ ነው እንጂ ሌላ አላውቅም።»

«ሌላ ምን ይዞ ነበር?»

«ቀርከሃ» አለ ባቢከር፤ እሱንም እስካሁን የገረመው ይመስላል። «ባምባሲ ቀርከሃ የለም? ከአሶሳ ቀርከሃ ይዞ ይመጣል?»

ሜቲን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አገኟት። ብርማው ጦር ሳር ላይ ተተክሎ ያንጸባርቃል፤ ሌላው ከተፈታው ቀርከሃ ጋር ዛፍ ላይ ተደግፏል። ቢጫው ሜትር ተዘርግቷል። ከቤተ ክርስቲያን የመጣችበትን ነጠላ እንኳ ከጎኗ አላራቀችውም።

«እነዚህ ከየት መጡ?» አላት ቦዔዝ።

«አሠልጣኜ ነው የሰጠኝ። ለልምምድ ከቢሮ አንድ አንድ ደርሷችኋል፣ ለነዕማም ተሰጥቷል አለኝ።»

«አንቺ ጋ ያለው ግን ሁለት ነው።»

ልጅቷ ወደ ዛፉ አየች፤ ከዚያ ወደ መሬት። «አንዱ ቢሰበር ብሎ ነው ብዬ...» ነጠላዋን አነሣች። «ነዕማ ምንም የላትም ማለት ነው?»

«ቀርከሃ አላት።»

ሜቲ የተተከለውን ጦር ራሷ ነቅላ፣ ጭቃውን በነጠላዋ ጠርጋ ሰጠችው። «ሰኞ እኔ ልወረውር እችላለሁ? ወይስ ቀረሁ?»

«ትወረውሪያለሽ። አንቺ ምን አደረግሽ?»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አሶሳ ገቡ። ጫኔ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ጫማውን እየቀባ ነበር። ቦዔዝ የመጣበትን አልነገረውም፤ ፊት ለፊቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«አቶ ጫኔ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እኔ ጫፉን ይዤ እርስዎ ማዶ ሆነው ቢያነቡ፣ አሥራ አራት ቢል፣ ምን ይጽፋሉ?»

«አሥራ ሁለት» አለ ጫኔ፤ ብሩሹን ሳያቆም።

ከዚያ ብሩሹ ቆመ።

ቦዔዝ የራሱን ወረቀት አውጥቶ ጫማዎቹ አጠገብ ዘረጋለት። መቶ፣ ስድሳ አራት፣ ሠላሳ ስድስት፣ ዘጠኝ። ጫኔ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አየ። ሌላ ማስረጃ አልጠየቀም፤ የራሱን ስሕተት ያወቀ ሰው ፊት ነበረው።

«ሦስት ዓመት» አለ። «ሦስት ዓመት ስቀንስ እጄ ለመደ። ዝናቡ እየመጣ ነበር፤ አሮጌው አይደርስልኝም ብዬ ነው ቢጫውን ያወጣሁት።»

«ጦሮቹን ለምን?»

«ያቺ ልጅ በቀርከሃ ነው የምትወረውረው፣ ኢንስፔክተር። በቀርከሃ! አንድ ሰኞ እውነተኛ ጦር ብትይዝ ሜቲ አለቀላት። እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት በየሜዳው መስመር በኖራ ሳሰምር ነው የኖርኩት። አንድ ጊዜ ጨዋታዎቹን ባይ ብዬ ነው። ስሙ ከተላለፈ በኋላ እመልሳቸው ነበር።»

«ሙዐዊያንስ?»

ጫኔ ጫማውን በጥንቃቄ አጥልቆ፣ ክሩን እኩል አድርጎ አስሮ ተነሣ።

ሰኞ ጠዋት ሜዳው ዙሪያ ሰው ሞላ። ሙዐዊያ ከእስር የወጣው ማለዳ ነው፤ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ መጥቶ ከገመዱ ጋር ተጣብቆ ቆሟል። በርበሬ ያልሸጠችው ሴትዮም መጥታለች፤ ከሁሉ ይልቅ የምትጮኸው እሷ ናት።

ሜቲ በመጨረሻ ሙከራዋ አርባ ሁለት ደረሰች። ነዕማ በአንዱ ሙከራ መስመሩን ረግጣ ተሰረዘባት፤ ሁለተኛው በጫፉ ሳይተከል ተኝቶ ወደቀ። ለሦስተኛው ስትነሣ ጦሩን በእጇ መዘነችው፤ ወደ ወንድሟ አንዴ አየችና ሮጠች። ጦሩ አልተንቀጠቀጠም። ሄዶ ሄዶ ተተከለ።

ረጀብ የሜትሩን ቀለበት ጦሩ ከተተከለበት ያዙ። የወርቅውሃ መስመሩ ላይ ጎንበስ ብላ አነበበች። «አርባ አራት ከሃያ!» ብላ ጠራችና መዝገቡ ላይ አቀረቀረች።

ቦዔዝ ትከሻዋ አጠገብ ቆሞ ነበር። እስክሪብቶዋ አራትን ጻፈ፤ ቀጥሎ ሁለትን ጻፈ። አርባ ሁለት ከሃያ። ሜቲን ያሸነፈ፣ አርባ ሦስት ያልሞላ።

«የወርቅውሃ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ቢጫውን ሜትር እያሳያት፤ «ዛሬ አይቀነስም።»

እሷም መዝገቡን አየች፤ ሜትሩን አየች፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የሜቲ አርባ ሁለት እንደተነበበ መጻፉን አረጋግጣ፣ የነዕማን ሁለት ሰርዛ አራት ጻፈችና ከስርዙ አጠገብ ፈረመች። ቦዔዝም ከሥሯ ፈረመ።

ከዚያ የወርቅውሃ ስልኩ ወዳለበት ክፍል ሄደች። ነዕማ ገና ከመስመሩ ፈቀቅ አላለችም። ጦሩ የተተከለበትን ቦታ ከሩቅ እያየች፣ ሙዐዊያ በገመዱ ሥር ሾልኮ እየሮጠ እስኪደርስባት ቆማ ትጠብቀው ነበር።